አሥራ አራቱን ሞለኪውሎች ስለማስረከብ

ይድረስ ለተከበሩ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር፣ ወገብዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ በተለይም ያ መፈረም የሚከብደው ቀኝ እጅዎ ተሽሎት እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የኬሚስትሪ ክፍሉን ግምጃ ቤት ጠብቄ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ «ከንብረት ነጻ ነህ» የሚለውን ክሊራንስ ለአራት ወር ስጠብቅ ከርሜ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ቀደም ሲል ያስገባኋቸው ስድስት ማመልከቻዎች እዚያው ንብረት ክፍል ውስጥ ስለጠፉ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። በሁለተኛው ፎቅ ጥግ ያለችው ተመራማሪያችን፣ ሁላችንም ዶክተሯ የምንላት፣ ዓመቱን ሙሉ በኮምፒውተር ስታሰላ የከረመችው እጅግ ከባድ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሊገኙ ስለሚችሉ ሞለኪውሎች ነው። ንጥረ ነገሮቹን ትልልቅ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች አቶምን ከአቶም አላትመው በመከራ፣ አንድ በአንድ ነው የሚያገኟቸው። መቶ አሥራ ስምንተኛው ለምሳሌ ተገኘ ሲባል ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የለም። ይህ ፍጡር ዕድሜ ቢሰጠውና ከፍሎሪን ጋር ቢጋባ ምን ይወለድ ነበር የሚለውን ዶክተሯ አስልታ፣ እንዲህ ያሉ አሥራ አራት ሞለኪውሎችን በዓመታዊ ሪፖርቷ ሠንጠረዥ ውስጥ አሰፈረች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። እርስዎ ግን በሪፖርት ላይ «ውጤት» ተብሎ የሰፈረ ሁሉ ግምጃ ቤት ይገባል በሚለው መመሪያዎ መሠረት፣ ለአሥራ አራቱም መለያ ቁጥር አውጥተው በእኔ ስም አስመዘገቧቸው። የሰማይዋን ላም ባለቤት እንኳ እስከ ዛሬ ገመዷን አምጣ ያለው የለም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሦስት አባላት ያሉት ቆጣሪ ኮሚቴዎ ግምጃ ቤቴን ሁለት ቀን ሙሉ ሲበረብር ስላሳየው ትጋት አመሰግናለሁ። ሰብሳቢው በጉልበታቸው ተንበርክከው ከአሲድ መደርደሪያው ሥር በባትሪ ሲፈልጉ፣ ከስንት ዓመት በፊት የጠፋብኝን የቁም ሣጥን ቁልፍ አግኝተውልኛል። «እጅግ ከባድ» የሚለውን ስላነበቡም ሁለት ጉልበተኛ ተሸካሚዎችና አንድ የእጅ ጋሪ አስከትለው ነበር። ጋሪው ባዶውን ሲመለስ የተሰማኝን ሐዘን አልደብቅዎትም።

2. ዶክተሯ ቢሮዎ ድረስ መጥታ፣ እነዚህን ነገሮች በዓለም ላይ ገና ማንም እንዳልሠራቸው ስታስረዳዎ፣ «ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉ ታውጣቸውና እንቁጠራቸው» በማለት ለሳይንስ አዲስ በር ስለከፈቱ አመሰግናለሁ። ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ ትስቅ ይሁን ታለቅስ መለየት አቅቶኝ ነበር። በማግስቱ ደግሞ «አልተሠሩም ከተባለ፣ ካልሠራቸው አካል ማስረጃ ይቅረብ» ብለው ጻፉልን። ያልሠራቸው አካል መላው የሰው ልጅ በመሆኑ፣ ፊርማውን አሰባስበን ለመጨረስ ጊዜ አነሰን።

3. ይህችን ለመጻፍ እጄ ትንሽ ዘግይቷል። ታላቅ እህቴ፣ እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ፣ የምትኖረው የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ዐይኗ እየደከመ ስለነበር ጡረታ በወጣሁ ማግስት መጥቼ አብሬሽ እኖራለሁ ብያት፣ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። እርስዎ ግን ክሊራንስ ሳልይዝ ከተማውን እንዳልለቅ በማኅተም አዘዙኝ። በመጀመሪያው ወር ስደውልላት የሰዉን ፊት ትታ በአረማመዱ እየለየች መሆኑን ነገረችኝ። በሁለተኛው ወር መርፌዋን አስቀመጠች። በሦስተኛው፣ «ፊትህን ሳላየው እንዳልቀር ቶሎ ናልኝ» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ስልኩን ያነሣችው ጎረቤቷ ናት፤ እትዬ በዳበሳ ፈልጋ ስላጣችው ነበር። እርስዎና እኔ አራት ወር የሌለውን ስንፈልግ፣ እኔ የነበረኝ አመለጠኝ። ይህን ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ተናድጃለሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

4. የለም ብዬ እውነቱን ስናገር ሰሚ ስላጣሁ፣ ባለፈው ረቡዕ ሌላ እውነት ይዤ ቀረብኩ። አሥራ አራት ንጹሕ ብልቃጦች በሰም አሽጌ፣ መለያ ቁጥራቸውን ለጥፌ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ «ይህን ሞለኪውል እስከ ዛሬ ያየው ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴዎ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቆጠረ። ሰብሳቢው አንዱን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንሥተው ጥራቱን አደነቁ፤ ጸሐፊዋ ብቻ ሳል ይዟት ከክፍሉ ወጣች። እርስዎም በገዛ እጅዎ ፈርመው ተረከቡኝ። አራት ወር የታጣው ክሊራንስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማኅተም ተመታበት።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ እህቴ እሄዳለሁ። ተቆጥሮ የማያልቀውን ምስጋናዬንና መለያ ቁጥር ያልወጣለትን ትዝብቴን በክብር አስረክቤ ስሰናበት፣ ዕድሜዎ ከመቶ አሥራ ስምንተኛው ንጥረ ነገር ይልቅ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እርስዎን በማገልገል ዕድሜውን የፈጀው፣
የቀድሞው የኬሚስትሪ ግምጃ ቤት ጠባቂ

የተረሳች ነገር፦ አሥራ አራቱ ብልቃጦች ከረቡዕ ጀምሮ በስምዎ ተመዝግበዋል። እርስዎም በሚቀጥለው ወር ጡረታ እንደሚወጡ ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎ። በቦታዎ የሚተኩት ወይዘሮ ግን እሽግ ሳይከፍቱ የማይረከቡ ሰው ናቸው ይባላል። ስለዚህ የሚናፍቅዎ ዘመድ ካለ፣ ከአሁኑ ደውለው እንዳይጠብቅዎ ይንገሩት።