አጎትሽ በሬዎቹን ፈታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለባንቺዓለም። ባለሽበት አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ እመቤቴ ከክፉ ትሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ላሚቱም ወልዳለች። ስልኩ ያለው አጎትሽ ወገኔ ቤት ስለሆነ ይህን በጽሑፍ ነው የምነግርሽ።

ከከብት የተከለለውን ተራራ የምንጠብቅ ሴቶች ሰብሳቢያቸው አድርገው መረጡኝና ንፋስ መውጫ ከተማ ሄጄ አምስት ቀን ሠለጠንኩ። አሠልጣኟ ወይዘሪት ጽጌረዳ፣ «እማማ፣ እርስዎ ራስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

በተመለስኩ በሳምንቱ የአጎትሽ ከብቶች ተራራው ላይ ችግኝ ሲግጡ ተያዙ። ሴቶቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ መሬታችንን የሚያርስልን እሱ እንደሆነ ያውቃሉ። ግን ደርቆ የነበረው ምንጭ የፈለቀው ተራራው ከተከለለ በኋላ ነው። እኔም፣ «እንደ ማንም ሰው ይቀጣ» አልኩ።

በማግስቱ አጎትሽ በሬዎቹን ከእርሻችን መሃል ፈትቶ፣ «እንግዲህ ሰብሳቢዋ ትረሰው!» ብሎ ሄደ። ዝናቡ መጥቷል፤ ግማሹ መሬት ግን ጦሙን አደረ። ሰብሳቢነቱን ልተው ብል ሴቶቹ፣ «አንቺ ከወጣሽ ሁላችንም ወጣን» አሉኝ። ወዲያም ወዲህም ማለት አቃተኝ። ውሃ ስወርድ እንኳ በአጎትሽ ደጅ ላለማለፍ በገደሉ በኩል እዞራለሁ።

አንቺ በሰው ቤት ነሽና ምግብሽን አትዘንጊ። የነካሽው ይባረክልሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ለአጎትሽ ስትደውዪለት ስለ እኔ እንዳትለምኚው፤ ያጠፋሁ ይመስለዋል። ጤናውን ብቻ ጠይቂው።

እናትሽ