«ተከራዮቼ» ይሉ የነበሩት የእትዬ እርጎ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ልጆች «እትዬ እርጎ» የሚሏቸው እኅታችን ከባቡር መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። የዛሬ ሳምንት እንኳ ስለ እርሳቸው «ነበሩ» ብለን እንጽፋለን ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ትምህርታቸውን ከቤታቸው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ጀምረው በ1984 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት በዲግሪ ተመረቁ። ወዲያውም በአንድ የወተት ፋብሪካ ላብራቶሪ ተቀጠሩ። ሥራቸው በሰው አንጀት ውስጥ ከሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች መካከል በእርጎ ውስጥ ቢጨመሩ ለጤና የሚበጁትን መለየት ነበር። ባክቴሪያዎቹን እንደ ጨጓራ በኮመጠጠ አሲድ፣ ቀጥሎም በሐሞት ውስጥ ያቆዩና የተረፉትን ያሳድጋሉ። በመጨረሻም መድኃኒት የማይበግራቸው እንዳይሆኑ ይፈትሻሉ፤ ይህን ባሕርይ ለጎጂ ጀርሞች ሊያስተላልፉ ይችላሉና።

ለሰው ሆደ ሰፊ፣ ለባክቴሪያ ግን ፊት የማይሰጡ ነበሩ። አሲዱንም ሐሞቱንም ያለፈ፣ ባልደረቦቻቸው «ግትሩ» ያሉት አንድ ባክቴሪያ በመጨረሻው ፈተና ላይ አጠራጠራቸው። ሥራ አስኪያጁ «ስንት ዓመት የለፉበትን?» ቢሏቸው «የሚጠጣው ሕፃን ነው» ብለው በእንፋሎት ቀቅለው ጣሉት፤ በማግስቱም ከሌላ ባክቴሪያ እንደገና ጀመሩ።

በ1988 ዓ.ም. ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጆች አፍርተዋል። በቤት ውስጥ የራሳቸውን ሆድ ባክቴሪያዎች «ተከራዮቼ» ይሏቸው ነበር። ምሳ ሲዘገይ «ተከራዮቼ አቤቱታ አላቸው»፣ ሲጠግቡ «ተኝተውልኛል» ይላሉ። ቤተሰቡም ቋንቋውን ለምዶት፣ ልጆቻቸው ጭምር ሆድ ቁርጠትን በሌላ ስም አይጠሩትም ነበር።

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው «ዛሬ ደግሞ ተከራዮቼ ተጣልተዋል» አሉን። ሳቅን። ባለቤታቸው «አስታርቂያቸው እንጂ» አሉ፤ እርሳቸውም አብረውን ሳቁ፤ ሰሃኖቹንም ራሳቸው አነሡ። ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋቸው ወርደው መቆም አቃታቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው መግባቱን ነገሩን። ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸውም ረቡዕ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው «እሑድ ብናመጣትስ ኖሮ?» ብለው ሲጠይቁ ሐኪሟ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አሁንም ያልገባንን እኛን ወንድሞችና እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላለቀሱም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሲቀመጥ ጎኑን ደገፍ ያደረገ እንደ ሆነ ግን ተነሥተው አጠገቡ ይሄዱና «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ይሉታል። እስኪመልስላቸውም ይቆማሉ።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ሕመምን በቀልድ መሸፈን በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን።