የሽሮው ጨው

ይድረስ ለልጄ ለኪዳናዊት፤ ሰላምታችን ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። እኛም በሐርጌሳ፣ ተመስገን፣ ውለን እናድራለን።

ሐኪሞቹ የእናትሽን የካንሰር መድኃኒት አቁመው «ቤቷ ትረፍ» ብለዋል። ቃሉን አልወደድሁትም።

ከሆስፒታሉ ሀኒ የምትባል ሶሻል ወርከር ትመጣለች። ጅግጅጋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። በመጀመሪያው ቀን እናትሽን አነጋግራ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን በሉ?»

«ታማሚዋ እሷ ናት!» ብዬ ተቆጣሁ።

«አስታማሚም ይርበዋል፣ አባባ።»

እናትሽ ሳቀች። «ገኔ እንኳን ወጥ ሊሠራ ሽንኩርት መላጥ አያውቅ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተማክረው ሽሮ መሥራት ያስተምሩኛል። ሀኒ አጠገቤ ትቆማለች፤ እናትሽ ከአልጋዋ ታዘኛለች። «ስትነሺ አንቺው ትሠሪው የለም ወይ?» ብላት እናትሽ «አማስል፣ እንዳያርር» አለችኝ። እኔም ማማሰሌን ቀጠልሁ።

ፈቃድ ከሰጡሽ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ አትጠብቂ፤ ነይ።

ሽሮውን እንኳ ከቻልሁት ሰንብቻለሁ። ጨውን ግን አውቄ አበዛዋለሁ። እናትሽ ቀመስ አድርጋ ፊቷን ታጨማድድና «ገና ነህ፣ ነገም ትሠራለህ» ትለኛለች።

እሷም «ጉንጯን ሳምልኝ» ብላለች።

አባትሽ ገነነ