ከወንበሩ ሥር የቀረው ወረቀት

ሐምሌ 25
ዛሬ ምክር ቤቱ ያለ እኔ ስብሰባ አልጀመረም። ...እሺ፣ ጀምሯል። ያልጀመረው አብሺር ብቻ ነው፤ ጎማ እስክቀይር ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እሱስ የምክር ቤት አባል አይደል? ሾፌሩ ደግሞ እኔ።
የማታ አስተማሪያችን ሸዋዬ «ውሎህን ጻፍ፣ እጅህ ይፍታታ» ብላኛለች። ከክፍሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ነን።

ሐምሌ 27
አብሺር ዘንድሮ አልተወዳደረም። ነሐሴ 10 ወንበሩን ያስረክባል። የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሃያ ዓመት ግመል ሲከትብ ኖሮ ከተማ አስተዳደር ገባ፣ ከዚያ እዚህ።
«ወደ ግመሎቼ ልመለስ» አለ።
«ምነው?»
«ግመል ማመልከቻ አይጽፍም።»
ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሐምሌ 29
መኪናውን አጽዳ ተባልኩ። ሰው አብሺርን የሚያገኘው በመኪናው መስኮት ነው። የማመልከቻውን ወረቀት የምቀበለው እኔ። አምስት ዓመት... ከወንበሩ ሥር አርባ ምናምን ወጣ። የሱማሌኛውን ማንበብ አልችልም። አንዱ ግን በአማርኛ። አነበብኩት። ባላነበብኩት።
ዘነቡ ናት፣ ስደተኛዋ የአገሬ ልጅ፣ ዳሚ ሰፈር የምትኖረው፣ ሲሚንቶ የምታቦካው። «ልጄን ኪዳናዊትን መታወቂያ የላትም ብለው ትምህርት ቤት አንቀበልም አሏት። ይርዱኝ» ይላል። ሁለት ዓመቱ! ስትሰጠኝ «አደራ፣ ወንድሜ» ብላ ነበር። እኔስ? በኋላ ስትጠይቀኝ «አንብቤዋለሁ፣ ለአብሺርም ነግሬዋለሁ» አልኳት። ያኔ ሀን ከለ መች እለይ ነበር?

ነሐሴ 1
አርብ። ዳሚ፣ ዘነቡ ዘንድ ሄድኩ።
«ልጅቷስ?»
«ትቆጥራለች።»
«ምን?»
«ብሎኬት። አብራኝ እየዋለች።»
ዘጠኝ ዓመቷ። የዘንድሮው ምዝገባ ሐሙስ ያልቃል። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።
«አንተማ የቻልከውን አድርገሃል፣ ወንድም ዋሲሁን» አለችኝ።
ዘጋሁት።

ነሐሴ 3
የዘነቡን ወረቀት ለአብሺር ወደ ሱማሌኛ እየመለስኩ አነበብኩለት።
«ሴትዮዋ እኮ ለእርስዎ ድምፅ መስጠት አትችልም» አልኩት፣ ልፈትነው።
«ግመልም ድምፅ አይሰጥም። አክሜዋለሁ።»
ስልኩን አንስቶ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደወለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አለቀ።

ነሐሴ 5
ኪዳናዊት ተመዘገበች። ዘነቡ መኪናው መስኮት ድረስ መጥታ አብሺርን እጅ ነሳችው።
«ምን አድርጌላት ነው?» አለኝ በሱማሌኛ።
«ዝም ብለው ይቀበሏት።»
ተቀበላት። የለመደበት ነው።

ነሐሴ 10
አስረከበ። የመኪናውንም ቁልፍ። ከነገ ጀምሮ በርበራ መንገድ ላይ የጭነት መኪና እነዳለሁ። አብሺር ሲሰናበተኝ «የዚያችን ልጅ ነገር ያስጨረስከው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። ዝም አልኩ። እኔ! ዝም!
ደብተሩን መልሼ ሳነበው ሁሉም እውነት ነው፣ ማጋነኑን ሳይጨምር። የነሐሴ 3ቱ ስልክ ግን ፈጠራዬ ነው። አብሺር አልደወለም። «ከሳምንት በኋላ ማን ይሰማኛል? ለሚመጣው ሰው ስጠው» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ የገባሁት እኔ ነኝ። «ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንበብ አልችልም ነበር» አልኩት። ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነው ስልክ ያስደወልኩት። ትናንት ለዘነቡም ነገርኳት። አልተቆጣችም። አልሳቀችምም።
ያን ቀን ዳይሬክተሩ «ያለ መታወቂያ ዋስ ያስፈልጋል» አለኝ። «እኔ አለሁ» አልኩት። የጣት አሻራ ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ።
እስክሪብቶ ጠየቅሁ።