ራሱ የተገመጠ ዳቦ

ኦሩሮ፣ የሙታናችንን ነፍስ በሸኘን በሦስተኛው ቀን

ለልጄ ለኔልሲ፣

እንዴት ነሽ? የስፔን ብርድ ጀመረ ወይ? እኔ አለሁ። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ይህን ስጀምር ጠዋት ነበር፣ አሁን ምሳ ደረሰ።

«ማማ፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼን እንደ እኔ አድርገሽ ተቀበያቸው። እዚህ የምንማረው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ እየኖርንም ነው» ብለሽኝ ነበር። ተቀበልኳቸው። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ልጆች ከአስተማሪያቸው ጋር መጡ።

መጀመሪያ የማዕድን ማውጫውን ካላየን አሉ። ወንድምሽ ለተግባር ትምህርት ወርዶ የቀረበት ጉድጓድ ወረዱ፤ አስጎብኚ ከፊት፣ አስጎብኚ ከኋላ። አኔኬ የምትባለው ስትወጣ «ዶኛ ፍሎሬንቲና፣ ሕይወቴን የቀየረ ቀን ነው!» አለችኝ። ሾርባ ሰጠኋት።

የወንድምሽ የሊምበርት የክፍል ጓደኛ ኤድሰን እኛ ቤት ነበር። ከበቡት።

«የእናንተስ የተግባር ትምህርት እንዴት ነው? ትወዱታላችሁ?»

«ለእናንተ ሄዶ ማየት ነው። ለእኛ ያለ እሱ ዲግሪ የለም። የሰው ሸክም ተሸክመን እንውላለን።»

«ግን ከመጽሐፍ የበለጠ አያስተምርም?»

«ያስተምራል እንጂ! ጣራ ሊወድቅ ሲል እንዴት እንደሚጮህ መጽሐፉ ላይ የለም።»

ጻፉት። ተሽቀዳድመው ጻፉት።

ለወንድምሽ ነፍስ ለምንዘረጋው የመጀመሪያ ዓመት ጠረጴዛ ዳቦውንም ራሳችን ካልጋገርን አሉ። በሟቹ አምሳል የሚጋገረውን ዳቦ ፊት የምትሠራው እህት መሆኗን ታውቂያለሽ። አኔኬ ሠራችው። አፍንጫውን አሳምራዋለች፤ እሱን ግን አይመስልም።

ነፍሱ መጥታ እስክትሄድ፣ ከቀትር እስከ ቀትር፣ ከጠረጴዛው ፍርፋሪ እንደማይነሳ ነግሬያቸዋለሁ። ጎረቤቱ ሲጸልይ አንዱ ተማሪ ጠጋ ብሎ «ማልቀስ የምንጀምረው መቼ ነው?» አለኝ። ዞር ስል የሊምበርት ዳቦ ራስ የለም። አኔኬ ታኝካለች።

«ጣዕሙንም ማወቅ ፈልጌ ነው» አለች።

አስተማሪዋ ፈገግ ብላ «ይቅርታ ያድርጉልን ዶኛ። ልጆች የሚማሩት በመሳሳት ነው» አለችኝ።

ኤድሰን ከወንበሩ ተነሳ። «እኛ ጋ የተሳሳተ ተማሪ ያውልዎት፣ ጠረጴዛው ላይ። ራሱን አሁን በላችሁት።»

ሊምበርት አልተሳሳተም። ድጋፍ የሌለው ጣራ ሥር ያቆሙት ናቸው የተሳሳቱት። ግን ኤድሰንን አላረምኩትም። ከዚያ ወዲህ ዳቦ አልቀመስኩም። ጠረጴዛውን በአመድ ፈገፈግሁት፣ የእጃቸው ሽታ አልለቅ አለኝ።

ሲሄዱ አንድ በአንድ አቀፉኝ። እንደ አንቺ ልቀበላቸው ሞክሬ ነበር፣ ልጄ። አንቺን የሚሸት አንድም አልነበረም።

አሁን ደግሞ «ለከርሞ ሌሎች ልላክልሽ?» ብለሻል። አትላኪ። ለቀብሩ ፈተና አለብኝ ብለሽ ቀረሽ፤ እሺ አልኩ። ለዘንድሮው ጠረጴዛ ደግሞ እነሱን ላክሽ። ጠረጴዛው ሦስት ዓመት ነው የሚዘረጋው፣ ሁለት ይቀረናል። የምትቀሪው ስታለቅሺ ሰው እንዳያይሽ ከሆነ በሩን እዘጋለሁ።

ለጸለየው ሁሉ ዳቦ አድያለሁ። ራሱ የተገመጠውን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

እግዚአብሔር በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ ምድር እናታችን መንገድሽን ወደ ቤት ታቅናልሽ። ለከርሞ ሊጡን አቦካለሁ፣ ፊቱን አንቺ ትሠሪያለሽ።

ፊቱን አልረሳሽውም አይደል?

እናትሽ ፍሎሬንቲና