ያቃጠልነውን ሙሾ ስለ መለሱልን

ሰኔ 2011 ዓ.ም.
ታች ጋይንት

ለእልፍኝ የዜማ መተግበሪያ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እርስዎና ቤተሰብዎ፣ በመስታወት ቤት ተቀምጠው ስልክ የሚመልሱልዎ ልጆችም ጭምር፣ ደም ሳታዩ ከርማችሁ ከሆነ ደስ ይለኛል። በተለይ ሁለቱ እግሮችዎ ደኅና ይሁኑ፤ እግርን ለይቼ የመረቅሁበትን ምክንያት ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ የሻረግ ካሴ እባላለሁ፤ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ በሚገኝ መንደር የምኖር ሙሾ አውራጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከሸበተ ወዲህ በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢጎረብጥዎ በትልቅነትዎ ይለፉኝ፤ አፌ ግን ከብዕሬ ቀድሞ የተሳለ ነው። ለብቻዎ የላክሁልዎ ደብዳቤ መልስ ስላጣ፣ ይህኛውን አገር እያየው ጻፍሁት። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ በመተግበሪያዎ ውስጥ ያለውን የእኔን ሙሾ እስከ ደብረ ታቦር በዓል ድረስ ያውጡልኝ። ካላወጡት ያሳደግሁት የወንድሜ ልጅ ይገደላል። ልመናዬ ይኸው ነው፤ የቀረው ምስጋና ነው።

ምስጋናው እንዲገባዎ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ከመሬት ሽግሽጉ ማግስት ጎረቤታችን ካሣሁን፣ ክንድ በማትሞላ ድንበር ተጣልቶ፣ ወንድሜን አንዳርጌን ከገብስ ማሳው መካከል በጥይት ጣለው። ጥይቱ በአንገቱ ገብቶ በጀርባው ወጣ። ሮጬ ስደርስ ነዶው ደሙን ጠጥቶ ቀልቶ ነበር፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ድምፅ እኔ ሆንሁለት። በቀብሩ ዕለት ፊቴን ነጭቼ፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ ለዘመድ ወንዶች እንዲህ ብዬ አወረድሁ፦

ያንዳርጌን ጠበንጃ ጉርድ ቀሚስ አልብሱት፣
ካሣሁን በደጁ ሲያልፍ ዝም ካላችሁት።

እርስዎ የከተማ ሰው ነዎትና ላስረዳዎ፤ ይህን ከአልቃሽ አፍ የሰማ የሟች ወገን በእኛ አገር ወይ ይገድላል፣ ወይ አገር ጥሎ ይሄዳል። ከንፋስ መውጫ የመጣ ካሴት ሻጭ በአርባው ተዝካር ላይ ድምፄን ቀድቶ ወሰደ። ሙሾውም በየቤቱ ገባ፤ በገባበት ቤት ሁሉ ጥይት ይወለወል ጀመር።

ካሣሁን ታስሮ በተፈታ ዓመት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ሽማግሌ አስከትለው መካከላችን ቆሙ። ካሣሁን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከእግራችን ሥር ወደቀ፤ እኛም ማርነው። ሽማግሌዎቹ ግን ከጠበንጃው ይልቅ ሙሾውን ነበር የፈሩት። ካሴቱ ከየቤቱ ተለቅሞ በመስቀል ፊት ተቃጠለ፤ እኔም ያንን ሙሾ ዳግመኛ በአፌ ላላነሣው ማልሁ። ከዚያ ወዲያ ሙሾውን ያወጣ ሰው የእርቁ አፍራሽ ይሁን፣ ድንጋዩንም እርሱ ራሱ ይሸከም ተብሎ ተገዘተ። የተቃጠለው ካሴት ሽታው ክፉ ነበር። ቢሆንም ካሴት ደግ ነገር ነው፤ ሥጋ አለውና ይሞታል። በዚያ እሳት ብዙ ዓመት ሰላም ሞቅን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከእሳቱ አምልጦ አዲስ አበባ የገባውን አንድ ካሴት ከሞት ስላስነሡልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሰዎችዎ ድምፄን ከካሴቱ አውጥተው ከበሮና የማሽን ጭብጨባ አልብሰውታል። ደረቴን የደቃሁበት ድምፅ ዛሬ የጭፈራ ምት ሆኗል፤ ትንፋሼ የተቆረጠበት ቦታ ላይ እልልታ ገብቶበታል፤ «የሠርግ ሙቀት» ከሚባል ዝርዝር ውስጥም አስቀምጠውታል። በምስሉ ላይ ሹሩባ የተሠራች ቆንጆ ልጅ ስትስቅ አየኋት። እኔ በዚያን ዕለት ፊቴ በጥፍሬ ተልጦ ደም ለብሶ ስለነበር ባይመርጡኝ አልቀየምም። ወንድሜ በሕይወቱ ጭፈራ አይወድም ነበር፤ አሁን በተቀደደ አንገቱ ላይ አገር ሙሉ እስክስታ ይመታል።

ሁለተኛ፤ ለሙሾዬ ባለቤት ስለ ሰጡልኝ። አቤቱታዬን ለማሰማት ንፋስ መውጫ ድረስ ሄጄ ደውዬ ነበር። የመለሰችልኝ ልጅ እናቴ እያለች በትሕትና አነጋገረችኝ። ከሙሾው ሥር የባለቤቱ ስም «ባህላዊ» ተብሎ እንደተጻፈ፣ ዜማ ማስወጣት የሚችለውም ባለቤቱ ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ አልኋት። መታወቂያዬ ላይ ባህላዊ የሚል እንዳለ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ አቶ ባህላዊን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አፈላልጌ አጣሁት። ቢገኝ ኖሮ የሚፈልገው ብዙ ነው፤ የአገሩ አዝማሪ ሁሉ የአባቱን ዜማ ለእርሱ አስረክቦ ባዶ እጁን ቀርቷል። ገንዘብ እንደማልጠይቅ ግን ልብ ይበሉልኝ። በወንድሜ ደም የተገኘውን ይብሉት፤ ሲውጡት ብቻ ውኃ ያስጠጉ።

ሦስተኛው ምስጋና ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ ረዘም ይላል፤ ሥራ ካለብዎ አረፍ እያሉ ያንብቡት። በእኛ አገር ሠርግ አዝማሪ መሰንቆውን ከመግረፉ በፊት ዳሱን በዓይኑ ይዞራል። ማን ከማን ጋር ደም እንዳለው፣ ማን በቅርብ እንደታረቀ አይቶ፣ የሚያነሣውንና የሚውጠውን ስም ይለያል። ሳይለይ የዘፈነ እንደሆነ መሰንቆው በራሱ ላይ ይሰበራል። የእርስዎ ዕቃ አዝማሪውን ከዳሱ አስወጥቶ በቦታው ተቀምጧል፤ ነገር ግን የሚያይ ዓይን የለውም፣ መሰንቆ የሚሰበርበትም ራስ የለውም። መካነ ኢየሱስ አጠገብ በትኩሳት ለሞቱ አንድ አዛውንት ለቅሶ፣ አልቃሽ መጥራት ቀርቶ ስልክ ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀምጦ የእኔ ሙሾ ተከፍቶ ነበር። ካሣሁን የሚባል ምስኪን አማች ነበራቸው። ለቀስተኛው የሟቹን ገዳይ ሰማሁ ብሎ በዱላ ዞረበት፤ ከሥር ሲያወጡት ጥርሱ ረግፎ መንጋጋው ተጣሞ ነበር። ያም ሰው ሰላምታ እንዳቀርብልዎ በምልክት ነግሮኛል።

ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። ሰውነት የሚባለው የአንዳርጌ ልጅ አባቱ ሲሞት በእናቱ ሆድ ውስጥ ነበር፤ እናቱ ሌላ አግብታ ስማዳ ስትሄድ እኔ አሳደግሁት። አባቱን ማን እንደገደለው ያውቃል፤ መታረቃችንንም ያውቃል፤ ከካሣሁን ልጅ ከተስፋሁን ጋር በወንፈል አብረው ያጭዱ ነበር። ሙሾውን ግን ሰምቶት አያውቅም፤ መንደር ሙሉ ከጆሮው ሰውሮለታል። ባለፈው መኸር ስልክ ገዛ። መተግበሪያዎም ለእንዲህ ያለ የጋይንት ልጅ ምን እንደሚስማማው አስቦ፣ «ለእርስዎ የተመረጠ» ብሎ የአባቱን ገዳይ ስም አቀረበለት። ይህን ያህል ዘመድ እንኳ አያስብም።

በአደባባይ የሚዘፈን ቢሆን መንደሩ ሰምቶ ያስቆመው ነበር። ይህ ግን በጆሮው በተሰካች ገመድ ለብቻው ፈሰሰለት። ገብስ ሲያጭድ በጆሮው ነው፤ እራት ሲበላ በጆሮው ነው። እኔ ዘፈን ይወዳል እያልሁ ወጥ እጨምርለታለሁ፤ ለካስ ከአንድ ገበታ ተቀምጠን፣ እኔው በወጣትነቴ ድምፅ ግደል እለዋለሁ።

አንድ አርብ ከገበያ ሲመለስ እኩዮቹ ሙሾውን በስልካቸው ከፍተው አሮጌ የሴት ቀሚስ ትከሻው ላይ ጣሉበት፤ እየሳቁም እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከተሉት። እርሱም ቤት ገብቶ የአባቱን ጠበንጃ አወረደ፤ ቀሚሱን አጣጥፎ ከጉልበቴ ላይ አኖረና «እማ፣ ቀሚሱ ለእኔ አልሆነኝም» አለኝ። እግሩን አቅፌ እስከ ደጅ ተጎተትሁ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቆ ወጣ። ካሣሁን ዛሬ ጎባጣ ሽማግሌ ነው፤ አህያውን እየነዳ ከገበያ ሲገባ መንገድ ላይ አገኘው። ጥይቱ የሽማግሌውን ጭን ሰብሮ አህያዋን ገደላት። ሐኪሞች የካሣሁንን እግር ከጉልበቱ በላይ ቆርጠው ሕይወቱን አተረፉለት። ስለ እግሮችዎ አስቀድሜ የጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሰውነት ወደ በሽሎ በረሃ ወረደ፤ ተስፋሁንም ጠበንጃ ይዞ የወንዙ መሻገሪያ ላይ ተቀመጠ።

አራተኛ፤ ሽማግሌዎቻችንን መሳቂያ ስላደረጉልን። እነርሱ የሚያውቁት መድኃኒት እሳት ነውና፣ ሙሾው ያለበት ስልክ ሁሉ ይቅረብ ብለው በግዝት አስለፈፉ። ወጣቱ ግዝት ፈርቶ ስልኩን እያለቀሰ አመጣ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተከምሮ እሳት ተለቀቀበት። ባትሪው ሲፈነዳ እንደ ጥይት ጮኸ። የእኛም የእነርሱም ወገን ተኩስ መስሎት መሬት ላይ ተኝቶ ጠበንጃ አቀባበለ። መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በመካከል ባይሮጡ ኖሮ ለዚያ ቀን ሬሳ የእኔ ሙሾ ባልበቃ ነበር። በሳምንቱ አርብ ሙሾው እሳት እንዳልነካው ሁሉ፣ ከነእልልታው፣ ከአንድ ባጃጅ ውስጥ ወጣ።

የካሣሁን ወገን ያን ጊዜ የእርቁ አፍራሽ እኔ እንደሆንሁ፣ ካሴት ደብቄ እንዳስቀረሁ፣ ወንድሜንም እንደሸጥሁት ተናገረ። ወንጌል ይዤ ማልሁ። መሪጌታ ወጣቶቹን ጠርተው፣ ሙሾው በስልኩ ውስጥ ካልሞተ የት እንደሚኖር ጠየቋቸው። አየር ላይ ነው አሏቸው። እርሳቸውም «አየሩማ የእግዚአብሔር ነው፤ ሙሾውን እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው?» አሉ። ልጆቹም የእርስዎን ስም ነገሯቸው።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ሆኗል። ሰውነት ከበረሃ ወጥቶ እጁን ለሕግ ይሰጣል፤ ተስፋሁንም መሻገሪያውን ይለቃል። ይህ የሚሆነው ግን ሙሾው ከሞተ ብቻ ነው። ከደብረ ታቦር በዓል በኋላ አንዴ እንኳ ከተሰማ ተስፋሁን ደም እንዳይመልስ ከተያዘበት ግዝት የተፈታ ነው፤ ሰውነትም ውኃ ሊጠጣ ወደ ወንዙ መውረዱ አይቀርም። ድንጋዩን የሚሸከመው እርቅ አፍራሹ ነውና ሸክሙ የእርስዎ ሆኖ ተገኝቷል። እኔው ራሴ ወርጄ መረጥሁልዎ፤ ጠፍጣፋ ነው፤ የከተማ ማጅራት እንዳይቆርጥም ጠርዙን አስጠርቤዋለሁ። እስከ ንፋስ መውጫ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቁት ሰው ሁሉ ቤቴን ያሳይዎታል። ለእርስዎ ምስጋና ይግባና ድምፄን የማያውቅ የለም።

የተነጨ ፊቷን ወደ ምድር ደፍታ እጅ የምትነሣዎ፣ የእርስዎንና የቤትዎን ዕድሜ እንደ ሙሾዋ የማይቃጠል ያድርገው ብላ የምትመርቅዎ፣ የአንዳርጌ እኅት፣ የሰውነት አሳዳጊ፣ በመዝገብዎ ባህላዊ ተብላ የተጻፈችው
የሻረግ ካሴ

ማስታወሻ፤ በባዶ እጄ እንዳልጠራዎ ለእርስዎም አዲስ ሙሾ አበጅቻለሁ። መጀመሪያው ይህ ነው፦

የሰው ደም በጆሮ ያጠጣን ያ ጌታ፣
ድንጋዩን ተሸክሞ ይምጣ ለይቅርታ።

ስምዎ ከነአባትዎ ያለበት ስንኝ ገና በአፌ ውስጥ ነው። ሰውነት የተገደለ ዕለት ከአስከሬኑ ራስጌ ቆሜ አወርደዋለሁ፤ ወጣቱም ስልኩን ዘርግቶ ይቀዳዋል፤ መተግበሪያዎም እንደ ልማዱ ከበሮ ጨምሮ ለጋይንት ጎረምሳ ሁሉ ያድለዋል። ያን ጊዜ ይውጣልኝ ብለው ቢደውሉ የምትመልስልዎ ልጅ ጨዋ ናት፤ ባለቤቱ ባህላዊ መሆኑን በትሕትና ታስረዳዎታለች።