ነገ ለአንተ ስንበረከክ

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አባዬ፣ በአማርኛ ስጽፍልህ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስህተት ቢኖረው አትሳቅብኝ። ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፣ መጻፍም ያው ነው። ከተለየኸን ሁለተኛው ብርድ ሊገባ ነው።

ኦስዶርፕ ሰፈር ያለው ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ጃኬቶችህን እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ ሰማያዊውን ግን ደብቄዋለሁ። እርግጫ ስታለማምደኝ የምትይዝልኝ የሶፋ ትራስ አሁንም እንደተቀደደ ነው። እማዬ አልሰፋችውም፣ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ነገ ዴን ሃግ ከተማ የመጀመሪያ የቦክስ ግጥሚያዬ ነው። የሚያሠለጥነኝ ያው ሶክ ነው፣ ዲመን ያለው መጋዘን ውስጥ አብሮህ ይሠራ የነበረው ካምቦዲያዊ። እሁድ እሁድ የአገሩን ቦክስ፣ በእርግጫና በጉልበት የሚመታበትን፣ በስልኩ ስታዩ፣ የጉልበት ምት ባረፈ ቁጥር ሁለታችሁም «ኧይ!» ብላችሁ ስትጮኹ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብ ነበር። እዚያ አገር ሕዝቡ ሁሉ እንዲህ እየጮኸ ነው የሚያየው ይልህ ነበር ሶክ።

ሊያስቀረኝ የነበረው ግን ቡጢው አይደለም። በእነሱ ልማድ ተጋጣሚው ከመጀመሩ በፊት በከበሮ ድምፅ ታጅቦ ተንበርክኮ ለወላጆቹና ለመምህሩ እጅ ይነሣል። ሶክ ይህን ያላደረገ ሰው ወደ ግጥሚያ አያስገባም። እማዬ ደግሞ የዚህን ቪዲዮ አይታ፣ «ለባዕድ አምላክ ስትሰግጂ አላይም፣ ግጥሚያው ይቅር» አለች። አንተ ብትኖር ቀልደህ ታበርደው ነበር።

ባለፈው እሁድ ሶክ ራሱ ቤት መጣ። በደች ቋንቋ ማስረዳት ሲያቅተው ሳሎናችን መሃል ተንበረከከና ግንባሩን ወደ እማዬ እግር ዝቅ አደረገ። እማዬ ከመቀመጫዋ ዘላ ትከሻውን ያዘችው፤ ሰው ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ እንደሚደረገው። «ኧረ በማርያም! ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ? ተነሥ!» አለችው፣ በአማርኛ። ካነሣችው በኋላም ትከሻውን አልለቀቀችም።

«ይሄማ የኛው ነው» አለች። ቀጥላ የዴን ሃግ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መንበርከክ አሁንም ያሳፍረኛል። ግን አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ለእማዬ፣ ቀጥሎ ለሶክ፣ መጨረሻ ለአንተ። ከዚህ በኋላም በምገባበት ግጥሚያ ሁሉ አንዱ እጅ መንሣት የአንተ ነው። ለአንተ ስንበረከክ ትከሻዬን ይዞ ተነሺ የሚለኝ ስለሌለ፣ ነገ ትንሽ እቆያለሁ። ከዚያ ራሴ እነሣለሁ።